በመጪው የመኪና ጌም «ሞተር ይገባል» ሲባል ወሬውን እንዴት እናጣራ

አዲስ የመኪና ውድድር ጌም ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር አብሮት የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሞተር አለበት ወይ?» ማለትም የሚነዳ ሞተርሳይክል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ጌም ቤትም ይሁን ሱሉልታ መንገድ ዳር፣ ጥያቄው ያው ነው። መልስ ተብሎ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ሲዞር የደበዘዘ አንድ ፎቶ ነው። ፎቶውን ያየ ግማሹ ያምናል፣ ግማሹ ይሳደባል፤ የሚመረምረው ጥቂት ነው። መመርመር ግን የሚከብድ ሥራ አይደለም። አንድ ስልክ፣ ትንሽ ፓኬጅ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ሞተር ወደ መኪና ጌም ብቻውን አይገባም። ነጂው፣ ልብሱ፣ ሄልሜቱ፣ አወዳደቁ፣ የካሜራው ከፍታ፣ ሁለት የተለያዩ ፍሬኖች አብረውት ይገባሉ። ስለዚህ የሞተሩን ምስል ከማሳደድ ይልቅ እነዚህ ሁሉ የሚተዉትን ዱካ ፈልጉ። ዱካው በአንድ ቦታ ብቻ ከታየና ሌላው ሁሉ ባዶ ከሆነ ሞተሩ የለም ብሎ መገመት ይሻላል።

ከዚህ በታች ያሉት የጌሞቹ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ዓይነት «አለ»

ክርክሩ ግማሹ የሚነሳው ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንደኛው መንገድ ዳር የቆመ ሞተር ነው፤ እንደ ዛፉና እንደ መብራት ምሰሶው ጌጥ ነው። ሁለተኛው በትራፊኩ መሃል ኮምፒውተሩ ራሱ የሚነዳው ነው። ሦስተኛው ተጫዋቹ ጆይስቲክ ይዞ የሚነዳው ነው። ሰው የሚመኘው ሦስተኛውን ሆኖ ሳለ የሚዞረው ማስረጃ ስለ አንደኛው ነው።

ጌጡን መለየት ይቻላል። ምስሉን አጉልታችሁ ካቴናውን ተመልከቱ፤ ጌጥ ከሆነ ካቴናውና ጥርሱ ተነጣጥለው አይታዩም፣ በአንድ ጠፍጣፋ ነገር ላይ እንደተሳሉ ይመስላሉ። ስፖኪዮው ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ምንም አያንጸባርቅም። ሰልባትዮው ላይ የአምራቹ አርማ የለም፤ የእውነተኛ አምራች አርማ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለመንገድ ዳር ጌጥ ደግሞ ያንን ወጪ የሚያወጣ የለም። በአንዱ ፍሬም ላይ ሁለት ሞተር ቆሞ ከታየም ሰሌዳቸውን አወዳድሩ፤ አንድ ዓይነት ከሆነ ወይም ባዶ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ፎርዛ ሆራይዘን 6 ነው። በሴፕቴምበር 2025 በቶኪዮ ጌም ሾው ላይ ለ2026 ሲታወጅ ቦታው ጃፓን መሆኑ ተነገረ። ጃፓን ማለት ደግሞ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ ማለት ስለሆነ የሞተር ወሬው ወዲያው ቢግል አያስገርምም። ግን አስቡት፤ ሆንዳ ሱፐር ካብን ከ1958 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በ2017 100 ሚሊዮን አልፎታል። የጃፓንን ጎዳና ሠርቶ ሞተር አለማቆም ቡራዩን ሥሎ ባጃጅ እንደመርሳት ነው። ስለዚህ በጃፓን ጎዳና ላይ የቆመ ሞተር መታየቱ ጎዳናው በጥንቃቄ መሠራቱን እንጂ ሞተሩ መነዳቱን አያሳይም። ከዚህ በፊት የወጡት አምስቱ ሆራይዘኖች፣ ከ2012 እስከ 2021 ድረስ፣ በአንዳቸውም ተጫዋቹ የሚነዳው ሞተር አልነበረም። በኋላ የተጨመሩት ትልልቅ ማስፋፊያዎችም አላመጡትም።

«ግን ሦስት እግር ያለው ተሽከርካሪ ነበር» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። እውነት ነው፤ በሆራይዘን 4 ላይ ሞርጋን 3 ዊለርና ፒል ፒ50 ነበሩ። መልሱ ግን እዚሁ ደጃችን አለ። ባጃጅ በፍጥነት ሲታጠፍ አካሉ ወደ ኩርባው ውጭ ያዘነብላል፣ ሞተር ደግሞ ወደ ውስጥ። ወደ ውጭ የሚያዘነብል ሦስት እግር የመኪናን ስሌት ከሞላ ጎደል ይከተላል። ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው ከሥሩ ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

ከዚህ በፊት እንዴት ነው የገባው?

ወሬን ለመመዘን የቀድሞውን ማወቅ ግድ ነው። ሚድናይት ክለብ 2 በ2003፣ ቴስት ድራይቭ አንሊሚትድ በ2006፣ ዘ ክሩ 2 በ2018 ሲወጡ ከመጀመሪያው ሞተር ይዘው ነው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ትኩረት የሚሹት ዘግይተው ያስገቡት ናቸው። በርንአውት ፓራዳይስ በጃንዋሪ 2008 ወጥቶ ሞተር የገባው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ በነፃ ማሻሻያ ነው። ድራይቭክለብ በኦክቶበር 2014 ወጥቶ ሞተሩ በኦክቶበር 2015 ራሱን ችሎ መጣ። የመጀመሪያው ዘ ክሩ በዲሴምበር 2014 ወጥቶ ሞተሩ ዋይልድ ረን በተባለው ማስፋፊያ በኖቬምበር 2015 ገባ። በሦስቱም ከ8 እስከ 12 ወር ፈጅቷል።

ግራን ቱሪስሞ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። ሠሪው ፖሊፎኒ ዲጂታል ሞተሩን መኪናው ውስጥ ከማስገባት ይልቅ የግራን ቱሪስሞ 4ን መሠረት ተጠቅሞ ቱሪስት ትሮፊ የሚባል ለብቻው የቆመ የፕሌይስቴሽን 2 ጌም በ2006 አወጣ። ይህ ብዙ ይናገራል፤ መንገዱን፣ ብርሃኑንና ምናሌውን መዋስ ይቻላል፣ ሞተር መንዳቱ ግን እንደገና መሠራት አለበት።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር፦ ጌሙ ሲወጣ ሞተር ከሌለው ቀጥሎ መጠበቅ ያለባችሁ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የሚመጣውን ማስፋፊያ ነው። በወጣ በሁለተኛው ሳምንት «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይገባል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ ግን በእነዚህ ሦስቱ ያልታየ ፍጥነት እየተነገራችሁ መሆኑን እወቁ።

ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም ማየት

ማስታወቂያውን ሙሉውን በከፍተኛ ጥራት መክፈት ፓኬጅ መጨረስ ነው። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በ4ኬ ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ ሊበላ ይችላል። ይልቅ መጀመሪያ በ144ፒ ክፈቱትና ሞተር ታየ የተባለበትን ሴኮንድ ብቻ ፈልጉ። ስታገኙት አቁሙት፣ ከሱ ሁለት ሴኮንድ ወደኋላ ተመለሱ፣ ከዚያ ጥራቱን ወደ 1440ፒ ወይም 2160ፒ ከፍ አድርጉና ያንን ቁራጭ ብቻ አጫውቱት። የሚወርደው የዚያ አካባቢ ስለሆነ ወጪው ትንሽ ነው።

ኮምፒውተር ካለ ዩቲዩብን አቁማችሁ በኪቦርዱ ላይ የነጥቧን ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ፍሬም ወደፊት፣ የኮማዋን ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ፍሬም ወደኋላ ይሄዳል። በስልክ ይህ ስለሌለ ፍጥነቱን ወደ 0.25 አውርዳችሁ ስክሪንሾት እየደጋገማችሁ አንሱ። ቪዲዮው በሴኮንድ 60 ፍሬም ከሆነ በሰዓት 72 ኪሎሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ፍሬም 33 ሴንቲሜትር ያህል ነው የሚንቀሳቀሰው። ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ከአምስት ስድስት ፍሬም አይበልጥም ማለት ነው፤ ስለዚህ ቸርኬው በፍሬሞቹ መካከል አቀማመጡን መለወጥ አለበት። ሞተሩ ሲሄድ ቸርኬው በሁሉም ፍሬም አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ምስሉ በላዩ ላይ የተለጠፈ ነው።

በማስታወቂያው ግርጌ በትንሽ ፊደል የሚጻፈውንም አንብቡ። ምስሉ ከጌሙ የተቀረጸ ነው ወይስ ለማስታወቂያ ብቻ የተሠራ ፊልም ነው የሚለው ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ለማስታወቂያ ብቻ በተሠራ ፊልም ላይ የታየ ሞተር ስለ ጌሙ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ፎቶ ብቻ ከሆነ የደረሳችሁ ጎግል ሌንስ ላይ ሁለት ጊዜ ፈልጉት፤ አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ ሞተሩን ብቻ ቆርጣችሁ። ሙሉው ምስል ባይገኝም የተቆረጠው ሞተር ከአምራቹ ካታሎግ ወይም ከሌላ ጌም የተነሳ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በቴሌግራም ተደጋግሞ የተላከ ፎቶ ስለሚደበዝዝ መጀመሪያ የተለጠፈውን ትልቁን ቅጂ ለማግኘት ሞክሩ።

ሞድ ራሱን የሚያጋልጥባቸው ቦታዎች

አብዛኛው አሳማኝ የሚመስለው ቪዲዮ ሐሰት ሳይሆን ሞድ፣ ማለትም ከሠሪው ውጭ ያለ ሰው ጌሙን ለውጦ የሠራው ነው። አንድ ሰው በመኪናው አጥንት ላይ የሞተር ቅርጽ አልብሶት ነው። ሞተር ይመስላል፣ ይሄዳል፣ ድምፅ አለው። ከሥሩ ግን አራት እግር ያለው መኪና አለ፣ እሱም ራሱን ያጋልጣል።

መጀመሪያ ወደ መሬት ተመልከቱ። ሞተሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወይም አፈር ላይ ሲወጣ የሚተወው የጎማ መስመር ስንት ነው? ሞተር አንድ መስመር ይተዋል፤ ሲንሸራተት ብቻ የፊቱና የኋላው ትንሽ ይለያያሉ። ግራና ቀኝ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የተራራቁ ሁለት መስመሮች ካያችሁ መኪና ነው። አቧራውም እንዲሁ ነው፤ ከሁለት ጎን ከተነሳ ከታች የተደበቁ ጎማዎች አሉ። ውሃ ውስጥ ሲገባም ፍንጣሪው ከየት እንደሚነሳ ልብ በሉ። በእኛ ግምት ከሁሉ የሚታመነው ምርመራ ይህ ነው፤ ሞድ ሠሪዎች ቅርጹን በደንብ ያሳምሩታል፣ የጎማ ዱካውን ግን ይረሱታል ወይም መለወጥ አይችሉም።

ቀጥሎ ጥላውን። ከሰዓት በኋላ ባለ ብርሃን የሞተር ጥላ ቀጭን ሆኖ በመሃሉ ብርሃን ያሳልፋል። ጥላው እንደ ሳጥን ከሰፋ የመኪናው ነው።

ከዚያ እጆቹን። የመኪና ነጂ እጆች በክብ መሪ ዙሪያ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። በሞተር ግን አንዱ እጅ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይመጣል። ነጂው እጀታውን ሳይሆን አየሩን እያዞረ ከታየ ተፈርዶበታል።

የመጨረሻው ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ነው። የሞተር ጎማ ክብ ትከሻ አለው። ሲያዘነብል የሚነካው ነጥብ ከመሃሉ ወደ ጎኑ ይሸሻል። ሞድ ሲሆን ቅርጹ በአንድ ዘንግ ላይ እንደ በር ይዞራል፤ በውስጥ በኩል ያለው የጎማው ጎን አስፋልቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ በውጭ በኩል ያለው ከመሬት ይለቃል። አጉልታችሁ ስታዩት ልክ ቢላ የቆረጠው ይመስላል።

ማዘንበሉን መለካት

እስካሁን ያለፈ ቪዲዮ ካለ አሁን በቁጥር ያዙት። ሞተር በምን ያህል ፍጥነት፣ በምን ያህል ኩርባ፣ ስንት ዲግሪ ማዘንበል እንዳለበት ይታወቃል።

ፍጥነቱን ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ቁጥር ውሰዱ። ለ3.6 አካፍሉና በሴኮንድ ወደ ሜትር ቀይሩት። የኩርባውን ስፋት ለመገመት በመንገዱ ላይ ያለ መኪናን እንደ ማስመሪያ ተጠቀሙ፤ አንድ የቤት መኪና 4.5 ሜትር አካባቢ ነው። ከኩርባው አንድ ነጥብ ወደ ሌላው ቀጥታ መስመር አስምሩ፣ ርዝመቱን ገምቱ፣ ከዚያ ከመስመሩ መሃል እስከ ኩርባው ያለውን ርቀት ገምቱ። መስመሩ 40 ሜትር፣ መሃሉ 5 ሜትር ቢሆን፦ 40ን በራሱ አባዝቶ ለ8 እጥፍ 5 ማካፈል፣ ላዩ ላይ የ5ን ግማሽ መጨመር። 1600 ለ40 ሲካፈል 40፣ 2.5 ሲጨመር 42.5 ሜትር። ራዲየሱ ይህ ነው።

አሁን ሞተሩ በሰዓት 72 ኪሎሜትር ከሄደ በሴኮንድ 20 ሜትር ነው። 20 በራሱ ሲባዛ 400። 42.5 በ9.8 ሲባዛ 416.5። 400 ለ416.5 ሲካፈል 0.96። በስልኩ ካልኩሌተር የታንጀንቱን ግልባጭ (tan⁻¹) ስትጫኑ 44 ዲግሪ ይወጣል። ጎማው ሰፊ ከሆነ እውነተኛው ሞተር ከዚህም ጥቂት ዲግሪ ጨምሮ ያዘነብላል፤ ነጂው ሰውነቱን ወደ ኩርባው ውስጥ ካዘነበለ ደግሞ ይቀንሳል።

ከስክሪንሾቱ ላይ ከጎማው መሬት ከነካበት እስከ ሰልባትዮው መሃል መስመር አስምሩና ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር ስንት ዲግሪ እንደራቀ በፕሮትራክተር አፕ ለኩት። ካሜራው ራሱ ያዘነበለ ከሆነ ልኬቱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከኋላ ያለ ምሰሶ ወይም የሕንፃ ጥግ ቀጥ ብሎ መቆሙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እንደ መዝናኛ የሚሠሩ ጌሞች ስሌቱን ስለሚያላሉ 10 ዲግሪ ልዩነት ይቅር ይባላል። በ72 ኪሎሜትር ያንን ኩርባ 15 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ የሚዞር ከሆነ ግን ስሌቱ የመኪና ነው።

ማወዳደሪያ ከፈለጋችሁ በአዲስ አበባ ዳር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። መሃል ከተማ ከሐምሌ 2011 መግቢያ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ከተከለከለ ወዲህ ሞተር የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ግን ዶቅዶቄው አይጠፋም። አደባባይ ባለበት ቦታ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከኩርባው ውስጠኛ በኩል ቁሙ። ውጭ በኩል አትቁሙ፤ የወደቀ ሞተር ወደ ውጭ ነው የሚንሸራተተው። ስልኩን በሴኮንድ 120 ፍሬም በሚቀርጸው ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ ቅረጹ። ፊትና ሰሌዳ አትለጥፉ፣ ፖሊስና ጥበቃ ባለበት ቦታ ካሜራ አታውጡ።

በዝግታ ስታጫውቱት እነዚህን ፈልጉ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ቀኝ እጁን ወደፊት ይገፋል፤ ለአንድ አፍታ የፊት ጎማው ወደ ግራ ያያል፣ ከዚያ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይወድቃል። የፊት ፍሬን ሲይዝ የፊቱ ሾክ ቁልቁል ይሰምጣል፣ የኋላው ከፍ ይላል። ሞተሩ ሲያዘነብል ጭንቅላቱ ግን ቀጥ ብሎ ለመቆየት ይሞክራል። በአደባባይ ላይ በ36 ኪሎሜትር፣ በ20 ሜትር ራዲየስ ሲዞር 27 ዲግሪ አካባቢ ታገኛላችሁ። ለአንድ ሩብ ሰዓት ይህን ያየ ዓይን ሐውልት የመሰለ ነጂ የያዘ ቪዲዮ ሲመጣበት ወዲያው ይይዘዋል።

ከፋይል ውስጥ ወጣ የተባለ ዝርዝር

«ፋይሉን ፈትቼ ሞተር አገኘሁ» የሚለው ወሬ ከሁሉ በላይ የሚያሳስት ነው፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ አነባበቡ ግን የተሳሳተ። አር1 ሲባል ያማሃ ብቻ አይደለም፤ ሱባሩ አር1 የምትባል ትንሽ መኪና አለች። ዜድ1 የካዋሳኪ ሞተር ነው፣ ቢኤምደብሊው ዜድ1 ግን መኪና ነው። ትራየምፍ ቲአር6 የሚለው ስም ጭራሽ በሁለቱም ላይ አለ፤ በሞተሩም በስፖርት መኪናውም። ኬቲኤም ተጽፎ ከታየ ደግሞ ያው ሞተር ሠሪው ኩባንያ የሠራው ኤክስ-ቦው የተባለው ባለ አራት እግር መኪና ሊሆን ይችላል፤ እሱም በፎርዛ ውስጥ ከዚህ በፊት ነበረ።

ስለዚህ ስሙ ላይ አትቁሙ፤ ስሙ አጠገብ ያለውን አንብቡ። የሚነዳ ሞተር ካለ የነጂ እንቅስቃሴ ፋይሎች፣ የአወዳደቅ ፋይሎች፣ ለፊትና ለኋላ ፍሬን የተለያየ ቅንብር፣ የሄልሜትና የጓንት ዝርዝር ይኖራል። የስም ዝርዝሩን አምጥቶ ከእነዚህ አንዱንም ያላሳየ ሰው ያገኘው ስም ብቻ ነው። የቀድሞ ሙከራ ቅሪት ፋይል ውስጥ ሊቀር እንደሚችልም አትርሱ፤ የተሞከረ ሁሉ አይወጣም።

ድምፅ

በማስታወቂያው ውስጥ የሞተር ድምፅ ሰማን የሚሉ አሉ። ለማጣራት ሙዚቃ የሌለበትን ቁራጭ አግኙ፤ በኮምፒውተር ኦዳሲቲ፣ በስልክ ስፔክትሮይድ የድምፁን ሞገድ ያሳያችኋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በባለ አራት ምት ኢንጂን እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይተኩሳል። በደቂቃ ያለውን ዙር ለ60 አካፍሉ፣ በሲሊንደሩ ብዛት አባዙ፣ ለ2 አካፍሉ። በየሰፈሩ ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በ6,000 ዙር 50 ኸርዝ ይሰጣል። ባለ አራት ሲሊንደር የውድድር ሞተርሳይክል በ12,000 ዙር 400 ኸርዝ፣ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና በ7,000 ዙር 233 ኸርዝ።

ይሁንና 400 አየን ብላችሁ አትፈንጥዙ። ባለ አሥር ሲሊንደሩ ሌክሰስ ኤልኤፍኤ በ9,000 ዙር 750 ኸርዝ ይደርሳል። ራዲካል ኤስአር3 የምትባለው ትንሽ የውድድር መኪና ደግሞ ከሱዙኪ ሃያቡሳ ሞተርሳይክል የተወሰደ ኢንጂን ስላላት ድምጿ የሞተርሳይክል ነው፤ እሷ ግን አራት እግር አላት። ድምፅ ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ዱካ ካለ የሚያጠነክር፣ ከሌለ የሚጣል።

የማይረቡ መከራከሪያዎች

«ነጂው ሲወድቅ ማሳየት የዕድሜ ገደቡን ስለሚያስጨምር ሞተር አይገባም» ይባላል። ትክክል አይደለም። የሞቶጂፒ ጌሞች ነጂው ሲወድቅና ሲንከባለል እያሳዩ በአውሮፓው ፔጊ 3 ዓመት የሚል ምልክት ነው ያላቸው፤ ፎርዛ ሆራይዘን 5ም ያንኑ ነው። ትክክለኛው ችግር ሌላ ነው። መኪና በ300 ኪሎሜትር አጥር ሰብሮ ማለፍ በሚችልበት ጌም ውስጥ ሞተር አጥር ሲመታ ምን ይሁን? ነጂው በየአጥሩ ከወደቀ ጨዋታው ይሰለቻል፣ ካልወደቀ ሞተሩ ሁለት እግር ያለው መኪና ይሆናል። በኦንላይን ደግሞ አንድ መኪና ከጎኑ ሲገጨው አስቡት። ሞተር እንደሚገባ በቁም ነገር የሚናገር ሰው ይህ እንዴት እንደተፈታ የሚያሳይ ነገር ማምጣት አለበት።

«አምራቹ ለመኪናው ፈቃድ ስለሰጠ ለሞተሩም ሰጥቷል» የሚለውም አይያዝም። ሆንዳ፣ ሱዙኪና ቢኤምደብሊው ሁለቱንም ይሠራሉ፤ የመኪናቸው ስም መታየቱ ስለ ሞተራቸው ምንም አይናገርም። ሞተር ብቻ የሚሠራ ስም፣ ለምሳሌ ዱካቲ፣ በራሱ ገጽ ላይ ጌሙን ካስተዋወቀ ግን ከበድ ያለ ነገር ነው።

ዱካዎቹን መመዘን

ከባዱ ማስረጃ የሠሪው የራሱ መግለጫ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ በስቲም ወይም በኤክስቦክስ መደብር ላይ ያለው የጌሙ ገጽ። ጌሙ ሊወጣ ሲቃረብ ለተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ የሚሰጡት ሽልማቶች ዝርዝር ይወጣል፤ በሞተር ይህን ያህል ኪሎሜትር ንዱ የሚል ሽልማት ካለ ክርክሩ አበቃ። በዝርዝሩ ሁሉ ውስጥ ስለ ሞተር አንድም ቃል ከሌለ ደግሞ ሲወጣ አይኖርም ብሎ መወራረድ ይቻላል፤ ሠሪ አዲስ ነገር አስገብቶ ያለ ሽልማት አይተወውም። የቁልፍ ቅንብር ምናሌ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተገኘ የፊት ፍሬንና የኋላ ፍሬን ለየብቻ መኖራቸውን ተመልከቱ። የሥራ ማስታወቂያ፣ የሠራተኛ የግል ገጽ፣ የማይታወቅ «ውስጥ አዋቂ» ከዚህ ሁሉ በታች ናቸው።

ሁለት የማይገናኙ ዱካዎች ሳታገኙ አትመኑ። አንድ ፎቶ በአሥር ቻናል መለጠፉ አሥር ዱካ አይደለም፤ አንድ ነው። እያንዳንዱን ወሬ ስትሰሙ ቀኑን፣ መጀመሪያ የለጠፈውን፣ የተናገረውን በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው ቻናል ስንት ጊዜ እንደሳተ ስታዩ ማንን ማመን እንዳለባችሁ ማስታወሻው ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለመመዘኛው። ድራይቭክለብ የሞተር ክፍሉን በኦክቶበር 2015 በፓሪስ ባስተዋወቀበት ሳምንት ነው ለሽያጭ ያቀረበው። ወሬ አለመኖሩ አይመጣም ማለት አይደለም።

ገንዘብና ማውረጃ

«ሞተር ያለበት የሙከራ ቅጂ» ተብሎ የሚላክ ኤፒኬ አትክፈቱ። የኮንሶልና የፒሲ ጌም በስልክ ፋይል አይመጣም። ሆራይዘን 5 ኮምፒውተር ላይ ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል፤ 70 ሜጋባይት የሆነ ነገር ያንን ነኝ ካለ ስልካችሁን ሊዘርፍ የመጣ ነው። ቀድሞ ማዘዣ እንገዛላችኋለን የሚሉ አገናኞችም ብዙ ናቸው። በአገር ውስጥ ካርድ በቀጥታ መክፈል ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው በመካከለኛ ሰው ይገዛል፤ ይህን የምታደርጉ ከሆነ ኮዱ በእናንተ አካውንት ላይ ገብቶ እስኪታይ ሙሉውን አትክፈሉ። በሞተር ተስፋ ብቻ ቀድማችሁ አትዘዙ። ጌሙ በወጣ ቀን የመኪና መምረጫ ምናሌውን የሚያሳይ ቪዲዮ ይለቀቃል፤ የተሽከርካሪ ዓይነት መለያው ውስጥ ሞተር ካለ በዚያች ደቂቃ ታውቃላችሁ።

እስከዚያ ሞተር መንዳት ለሚያምረው ራይድ 4 ወይም ከሞቶጂፒዎቹ አንዱ ፕሌይስቴሽን 4 ባለበት ጌም ቤት ይሠራል፤ በስልክ ትራፊክ ራይደር አለ። ያገለገለ ሲዲ ስትገዙ ግን የመጀመሪያውን ዘ ክሩ አትግዙ። ሽፋኑ ጥሩ ይመስላል፣ ሲዲው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨሩ በማርች 31 ቀን 2024 ስለተዘጋ ግን ከእንግዲህ አይጫወትም። ዘ ክሩ 2 ሌላ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ቁጥሯን አይታችሁ ውሰዱ።